ካንኩንን ያገላበጠችው እትዬ ፀሐይነሽ

እትዬ ፀሐይነሽ ማረፍ አይሆንላትም። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ማማት ብፈልግ ኖሮ ከባሏ እጀምር ነበር።

አትላንታ አጠገብ አቮንዴል እስቴትስ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን በሚጦሩበት፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆና ሠርታለች። አሁንም እየሠራች ነው። የሥራዋ ዋና ነገር ማገላበጥ ነው። በራሳቸው መገላበጥ ያቃታቸውን አረጋውያን በየሁለት ሰዓቱ በግራ ጎን፣ ከዚያ በጀርባ፣ ከዚያ በቀኝ ጎን ታደርጋቸዋለች። ካልተገላበጡ ገላቸው ይቆስላል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእሷ እጅ አንድ ሰው አልቆሰለም። ሌላው ቢቀር ሚስ ዶሮቲ የምትባል የዘጠና አራት ዓመት አሮጊት አለች፤ ማንም ማንኪያ ቢያቀርብላት አፏን እንደ ጎረቤት በር ትዘጋለች። ፀሐይነሽ መጥታ በአማርኛ መዝሙር ስታንጎራጉርላት ግን ትከፍታለች። መዝሙሩ ምን እንደሚል አታውቅም። ብቻ ትከፍታለች።

ችግሩ ሥራው ቤት ድረስ ተከትሏት መግባቱ ነው። ባሏ ጋሽ ወንድሙ ስቶን ማውንቴን ባለው ቤታቸው ሶፋ ላይ ካንቀላፋ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላ መጥታ ታዞረዋለች። “ዜናውን በፊቴ ጀምሬ በጀርባዬ ነው የምጨርሰው” ይላል።

ዕድሜዋ ስድሳ ሰባት ነው። ወገቧ ስትጎነበስ እንደ አሮጌ ቁም ሳጥን ይንቋቋል። ስለዚህ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳ ላይ፣ ልጇ ሐምራዊት ሹካዋን አስቀመጠች። ሐምራዊት ጠበቃ ናት። መሐል አትላንታ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮንትራት ስትጽፍ ትውላለች። ሹካ ስታስቀምጥ ነገር አለ ማለት ነው።

“ማሚ፣ ኢናፍ። ኖቲስ ስጪያቸው። ሥራ ይበቃሻል።”

“ሰጥቼስ? እቤት ተቀምጬ የአባትሽን በራ ልጠብቅ?”

“በራዬ ምን አደረገሽ?” አለ ጋሽ ወንድሙ።

“ምንም። ቀኑን ሙሉ ባየው ምንም አያደርግም። እሱ ነው ችግሩ።”

“ላይክ፣ አንቺ ማረፍ አትችዪም እኮ” አለች ሐምራዊት። “ሱስ ሆኖብሻል።”

“ማን? እኔ? በፈለግኩ ጊዜ አርፋለሁ።”

ታናሹ ልጇ ኤልቃና ሳቀ። ኖርክሮስ ከተማ ፋርማሲስት ነው። “ማሚ፣ ሲጋራ ማቆሚያ ማስቲካ ሊገዙ የሚመጡት ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚሉኝ።”

በሚቀጥለው ሳምንት ቤተሰቡ ለአምስት ቀን ሜክሲኮ፣ ካንኩን፣ ለእረፍት ሊሄድ ቲኬት ተቆርጦ ነበር። ሐምራዊት ወዲያው ላፕቶፗን ከፈተችና ውል ጻፈች። ሁለት ገጽ። ፀሐይነሽ አምስቱን ቀን ሳትሠራ ካሳለፈች፣ እስከፈለገችበት ጊዜ ድረስ በነርሲንግ ሆሙ ትሠራለች፤ ከልጆቿም ማንም “ጡረታ” የሚል ቃል አይተነፍስም። ከሠራች ግን በተመለሱ ማግስት የመልቀቂያ ደብዳቤ ታስገባለች። ውሉ ሥራን እንዲህ ይተረጉመዋል፦ “ማንኛውንም ሰው ወይም አልጋ በእጅ ማንሳት፣ መገልበጥ፣ መደገፍ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ፣ ማጠብ ወይም ማንጠፍ።” ጊዜው የሚያበቃው በአምስተኛው ቀን ቀትር ላይ ነው። ዳኛው ኤልቃና ነው።

ጋሽ ወንድሙ በምስክርነት እንዲፈርም ወረቀቱ ሲቀርብለት፣ “እዚያ ምግቡ የፈለጉትን ያህል ነው?” ብሎ ጠየቀ።

“አዎ ዳዲ፣ ኦል ኢንክሉሲቭ ነው።”

“ታዲያ ምን ያከራክራችኋል?” አለና ፈረመ።

ፀሐይነሽም ፈረመች። ግን በዚያ ሳምንት ሚስ ዶሮቲን ስታበላ ድምጿ ሁለት ጊዜ ተቆረጠባት ይባላል።

የመጀመሪያው ቀን ክፉ ቀን ነበር። ሆቴሉ የገቡት ማታ ስለሆነ ቆጠራው በማግስቱ ጀመረ፤ ማለዳ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ማሪሶል በር አንኳኩታ ስትገባ አልጋው ተነጥፏል። ደግሞም ዝም ብሎ አልተነጠፈም። አንሶላው አራቱም ማዕዘን ላይ እንደ ፖስታ ታጥፎ ተወጥሯል፤ ሎሚ ቢጥሉበት ይነጥራል። ማሪሶል አልጋውን አየችው፤ ፀሐይነሽን አየቻት፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወጥታ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ ተመለሰች። ሦስቱም አልጋውን ፎቶ አነሱት። ከጎኑ ያለውን የልጆቹን ክፍል ሲከፍቱ ደግሞ እዚያም ተነጥፏል፤ ኤልቃና ገና ውስጡ ተኝቶ ሳለ።

ኤልቃና እንደምንም ከአንሶላው ተላቆ ወጣና ቢጫ ፎጣ ከፍ አድርጎ አሳያት።

“ቢጫ ነው፣ ማሚ። ሁለተኛ ከሆነ ቀይ።”

“እጄ ነው እንጂ እኔ አላነጠፍኩም።”

“ውሉ ላይ ያለው እኮ እጅሽ ነው።”

በሁለተኛው ቀን ወደ ባሕሩ ወረዱ። ጋሽ ወንድሙ ከታች ቁምጣ፣ ከላይ ኮት ለብሷል፤ ሰው ያለበት ቦታ ያለ ኮት አይወጣም። አሸዋው እንደ ፍርኖ ዱቄት ነጭ ነው። ባሕሩንማ ሐምራዊት ብቻ ስልሳ ፎቶ አነሳችው። ፀሐይነሽ ባሕሩን አላየችውም። እሷ ያየችው ሰውን ነው። በተርታ በተደረደሩ ረጃጅም ወንበሮች ላይ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይነቃነቅ የተዘረጋ ሰው!

“ሠላሳ ስምንት” አለች በሹክሹክታ።

“ሠላሳ ስምንት ምን?”

“በሽተኛ።”

“ማሚ፣ በሽተኞች አይደሉም። ቱሪስት ናቸው።”

“ታዲያ ለምን አይገላበጡም?”

ከአጠገባቸው ዳግ የሚባል የኦሃዮ ሰው በሆዱ ተኝቷል። ጀርባው የመዝናኛ ጀልባ ያህላል። ፀሐይነሽ ሰዓቷን አየች። ባሕሩን ለማየት ሞከረች። እንደገና ሰዓቷን አየች። ሰውየው በአንድ ጎን ከተኛ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሆኖታል። እጆቿ በራሳቸው ጊዜ ሲንቀሳቀሱባት ሁለቱንም ከታፋዋ ስር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

“ተዪው” አለ ጋሽ ወንድሙ ሦስተኛውን ሳህን እየጠረገ። “ሰውየው ከፍሎ ነው የሚጠበሰው።”

“ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው እኮ፣ ወንድሙ!”

“ይሙላው። ይሄ የነርሲንግ ሆሙ የአንቺ ፍሎር አይደለም።”

ፀሐይነሽ ወደ ልጇ ዞረች። “ሐምራዊት፣ መጸለይስ ይፈቀዳል?”

ሐምራዊት ስልኳን አውጥታ ውሉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጠበቃ ናት፤ ለእናቷ ብላ አትዋሽም። “በእጅ እስካልሆነ ድረስ ጸሎት ይቻላል።”

እዚህ ላይ የፀሐይነሽን ጸሎት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በየማለዳው በስልክ የምንጸልይበት መስመር አላት። ሁሉም ሰው ከቤቱ ደውሎ ይገባል። የፀሐይነሽ ተራ ሲደርስ ስልኩን ከጆሮው የማያርቅ የለም። ኖርክሮስ ያሉት፣ ስልኩ ቢዘጋም በመስኮት ይሰማናል ይላሉ።

እና ተነሳች። እጆቿን እንዳይሳሳቱባት ከኋላዋ አቆላለፈቻቸው። ዓይኗን ጨፈነች።

“ጌታ ሆይ!! ይህን ሰው ገልብጠው!! አሁን!!”

ዳግ ከወንበሩ አንድ ክንድ ያህል ተነሳ፤ አየር ላይም ዞሮ በጀርባው አረፈ። የቀሩት ሠላሳ ሰባቱም ምን መጣ ብለው ባንድ ጊዜ ተገለበጡ። ከውኃው ዳር የነበረ ወፍ ሁሉ ተነሳ። ጋሽ ወንድሙ ሳህኑን አልጣለም፤ ሠላሳ ዓመት አብሯት ኖሯል፣ ለምዷል።

ፀሐይነሽ ዓይኗን ስትገልጥ ሠላሳ ስምንት ሆድ ወደ ሰማይ ያያል።

“ሃሌ ሉያ” አለች በቀስታ፣ እንባዋ እየመጣ።

“ማሚ፣ ደንግጠው እኮ ነው የዞሩት!” አለ ኤልቃና።

“ጌታ እንዴት እንደሚሠራ አንተ ልትነግረኝ ነው? ያስደነገጣቸውስ ማን ሆነና?”

ዳኛው ቀይ ፎጣ አላነሳም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደግማ ጸለየች፤ ደግመው ተገለበጡ።

በሦስተኛው ቀን ዳግ ሚስቱን ሊንዳን አስከትሎ ወደ ፀሐይነሽ መጣ። ልጆቹ ሊከሰን ነው ብለው ተነሱ። ሰውየው ግን ኮፍያውን አወለቀ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለእረፍት በሄደ ቁጥር በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ነጭ ሆኖ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። ትናንት ማታ መስተዋት ፊት ሲቆም ግን ዙሪያውን አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ሊንዳም ዞራ ዞራ አይታ አረጋግጣለች።

“ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ መቼ ነው?” ሲል ጠየቃት።

“በየሁለት ሰዓቱ” አለች ፀሐይነሽ፣ እንደ ዋና ሐኪም ኮስተር ብላ።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ወንበሩን እየጎተተ ወደ እሷ ይመጣ ጀመር። መንገድ ስለዘጉ በመስመር አሰለፈቻቸው፤ በእጅ አይደለም፣ በአገጭ። አንዷን በአገጯ ወደ ግራ ታደርጋለች፤ ሌላውን በከንፈሯ ወደ ኋላ ትልካለች። እኛ ሰፈር ያደገ ሰው ከዚህ በላይ አይፈልግም፤ የኦሃዮ ሰዎችም ሳያስቸግሩ ገባቸው። ዳግ እንዲያውም “ገልብጠው” የምትለዋን ቃል ለይቶ ያዘ። ጭማቂ ያመጣለትን አስተናጋጅ “ገልብጠው!” ይለዋል፤ ሊንዳን በጠዋት “ገልብጠው” ብሎ ይስማታል።

በአራተኛው ቀን ኤልቃና ሐብሐብ ሊያመጣ ሄዶ ሐብሐቡን ሳይዝ ተመለሰ።

“ማሚ፣ ነይ። ነይ እዪው!”

በመዋኛው አጠገብ የሆቴሉ የቀን ፕሮግራም የሚጻፍበት ሰሌዳ አለ። በውኃ ውስጥ ስፖርቱና በቢንጎው መካከል፣ ፈገግ ያለች ፀሐይ ተስላ፣ ከጎኗ “ማማ ፀሐይ፤ በየሁለት ሰዓቱ” ተብሎ ተጽፏል።

ምሳ ላይ ችሎት ተቀመጠ።

“ስምሽ ፕሮግራም ላይ ከወጣ ሥራ ነው!” አለ ኤልቃና። “ሺፍት ይዘሻል እኮ፣ ማሚ!”

“እኔ ነኝ የጻፍኩት?”

“አሰልፈሻቸዋል።”

“በአገጬ! አገጭ ውሉ ላይ አለ?”

ሁሉም ወደ ሐምራዊት ዞረ። ሐምራዊት ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለት ጊዜ የምታነበው ስትሸነፍ ብቻ ነው። ከዚያ ብዕሯን አወጣች።

“ኦኬ። እስካሁን ያለፈው አልፏል፤ አልተከለከለም ነበር። ከአሁን እስከ ነገ ቀትር ግን በእጅ ብቻ ሳይሆን በአፍ፣ በአገጭ፣ በከንፈርና በቅንድብም ክልክል ነው።”

“አፍንጫዋን ረሳሽ” አለ ጋሽ ወንድሙ፣ አይስክሬም እየላሰ።

“በአፍንጫም።”

“የማን ወገን ነህ አንተ?” አለችው ፀሐይነሽ።

“የአይስክሬሙ።”

ፈረመች። የቀራት አንድ ጠዋት ነው። አንድ ጠዋት ዝም ማለት ለማንም ሰው ቀላል ነው፤ ለፀሐይነሽ ግን ያለ ጥርስ ቆሎ መቆርጠም ነው።

አምስተኛው ቀን ነጋ። ከቁርስ በኋላ ፀሐይነሽ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ቅንድቧ እንዳይታይ ሐምራዊት ትልቅ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጋላታለች። ከፊቷ ዘይት የተቀባ ሰው በአራት ረድፍ ተደርድሯል። ፕሮግራሙን አይተው ከጎረቤት ሆቴል የመጡም አሉ። ሁሉም በሆዱ ተኝቶ ድምጿን ይጠብቃል።

አንድ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት ተኩል።

ፀሐይነሽ ከንፈሯን ነክሳለች። ሁለት ሰዓት ሞላ። የተነቃነቀ የለም። የዳግ ጀርባ ሮዝ ነበር፤ ቲማቲም መሰለ፤ አሁን ወደ ሚጥሚጣ እየሄደ ነው። እስከ ቀትር ገና አንድ ሰዓት ይቀራል። ከባርኔጣው ስር አንድ የእንባ ዘለላ ስትወርድ ኤልቃና አየ፤ ማስታወሻው ላይ ሊመዘግባት አስቦ ተወው።

ሊንዳ ከወንበሯ ሳትነሳ ወደ ሐምራዊት ተጣራች። “እናትሽ አሟታል?”

“ደህና ናት። እናንተ ግን ራሳችሁ መዞር ትችላላችሁ!” አለች ሐምራዊት በቢሮ ድምጿ።

“ማማን እየጠበቅን ነው” አለ ዳግ፣ ፊቱ ፎጣው ውስጥ እንደተቀበረ።

ሐምራዊት ተነስታ ራሷ ሞከረችው። ዓይኗን ጨፈነች። “ጌታ ሆይ… አም… እነዚህን ሰዎች… ፕሊስ…” አንድ ሰው እግሩን አከከ። ኤልቃና በጣቶቹ አፏጨ፤ የዋና ጠባቂው እየሮጠ መጣና የሰመጠ ሰው አጥቶ ተመለሰ። ዳግ ደግሞ በቀጭን ድምፅ “ገልብጠው?” አለ። እንዲያ ያለ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲል ያሳዝናል።

ሐምራዊት እናቷ ፊት ተንበረከከች። “ማሚ፣ ሰዎቹ እየተቃጠሉ ነው። በቃ፣ ጩኺ!”

ፀሐይነሽ አልተናገረችም፤ ተከልክላለች። ቀስ ብላ ከቦርሳዋ ብዕር አወጣች። ከጠረጴዛው ላይ የሆቴሉን ናፕኪን አንስታ ጻፈችበት፦ “ቀይ ካርድ ነው።”

“አይደለም! እኔ ፈቅጃለሁ!”

ሁለተኛ ናፕኪን ወሰደች። “እኛ ነርሲንግ ሆም ያልተጻፈ አልተደረገም። ጻፊው።”

ሐምራዊት ብዕሩን ነጥቃ ጻፈች፦ “ማሚ መጮኽ ትችላለች።”

ፀሐይነሽ አነበበች። በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ሰነድ እንደዚያ ነው የሚሰረዘው። ከስሩም “እስከ መቼ እንደምሠራ ጻፊ” ብላ ጨመረች።

“ማሚ! ይሄ እኮ ማስገደድ ነው!”

ፀሐይነሽ በመነጽሯ ውስጥ ወደ ዳግ ጀርባ አየች። ሐምራዊትም አየች። አየችና ጻፈች፦ “እስከፈለገችበት ቀን ድረስ። ማንም አይጨቀጭቃትም።”

ናፕኪኑ ተመልሶ መጣላት። “ቀን።”

ቀን ጻፈች።

“ሰዓት።”

ሰዓት ጻፈች። ከኋላዋ “ኦህ” የሚል ድምፅ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ይሸጋገራል።

“ምስክር።”

ኤልቃና ሮጦ ጋሽ ወንድሙን ከአይስክሬሙ ማሽን ጎትቶ አመጣው። ጋሽ ወንድሙ ሳያነብ ፈረመ። አውራ ጣቱ የቸኮሌት ማኅተም ስለተወበት ሰነዱ እንዲያውም ክብደት አገኘ።

ፀሐይነሽ መነጽሯን አወለቀች። ናፕኪኑን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው፣ አነበበችው። ከዚያ አሁን መናገር ስለተፈቀደላት አፏን ከፈተች።

“ፊርማሽ አይነበብም። ድገሚው።”

ሐምራዊት ደግማ ፈረመች። ናፕኪኑ ታጥፎ፣ በጥንቃቄ፣ ጡት መያዣ ውስጥ ገባ። ፀሐይነሽ ተነሳች፤ ባርኔጣዋን ለባሏ ሰጠችው፤ ከጠዋት ጀምሮ የታፈነ ትንፋሽ ሳበች።

“ጌታ ሆይ!! ገልብጣቸው!!”

ያን ቀን እንዴት እንደተገለበጡ አይወራ። ከጎረቤት ሆቴል አልጋው ላይ ሳለ የተገለበጠ ሰው አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አላጣራሁም። ዳግ ግን ተገልብጦ አልቀረም። በዚያው ተነስቶ አቅፏት አለቀሰ፤ ጀርባውን እንዳትነካው ብቻ ለመናት።

በተመለሱ ማግስት ፀሐይነሽ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ አቮንዴል እስቴትስ መኪናዋን ፓርክ አደረገች። ሚስ ዶሮቲ አምስት ቀን ሙሉ ያኮረፈ አፏን ዘግታ ጠብቃታለች። የመጀመሪያው ማንኪያ ሦስት መዝሙር ፈጀ።

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ሐምራዊት እናቷ ከወንበር ስትነሳ ወገቧን መያዟን አየች። ሹካዋን አስቀመጠች።

“ማሚ፣ ወገብሽን—”

“ናፕኪኑን ላምጣ?” አለች ፀሐይነሽ።

ሐምራዊት ሹካዋን አነሳች።